በአንድ ጣት የሚነሳ ብረት

ጀልባዋ ምን አለሽ ተራ የደረሰችው ከአሮጌ ፍሪጆችና ከተጣመመ ፌሮ ጋር ተጭና ነው። ሐይቅ ዳር የነበረ አንድ ማረፊያ ተዘግቶ ዕቃው በጅምላ ሲሸጥ፣ ጫኞቹ ከላይ ቦታ ስለተረፋቸው ብቻ ጣል አድርገዋት መጡ። ፋይበር ናት። ቁመቷ ከአንድ ሚኒባስ አይተናነስም፤ ሰማያዊ ቀለሟን ፀሐይ በልቶታል። እኔ የምነግደው አሮጌ ብረት ነው። ፋይበር አይቀልጥም፣ አይበየድም፣ በኪሎም የሚገዛው የለም። ሾፌሩን "ይቺን ደግሞ የት ላድርጋት ብለህ ነው?" ልለው አፌን ስከፍት ወንድሜን አየሁት። ከመኪናው ጎን ቆሞ በመዳፉ ሆዷን ይዳብሳታል። አብረን በሠራንበት ዘመን ሁሉ ዕቃ እንዲያ ሲዳብስ አይቼው አላውቅም።

ጋሼ ነው የምለው፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። በወጣትነቱ ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበር። ያ ሁሉ ሲያበቃ አንድ ጆንያ ተሸክሞ፣ እግሩ አብጦ መጣና በእናታችን የብረት መደብ ላይ ከእኔ ጎን ተቀመጠ። "እስክረጋጋ ነው" ብሎ ነበር። እናታችን አረፈች፣ እኔ አገባሁ፣ ባሌም አረፈ፣ እሱ ግን ከመደቡ አልተነሳም። ስለ ባሕር ብዙ አያወራም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ የመደባችንን ሸራ ሲያራግበው፣ እኛ ጥግ ጥጉን ለመያዝ ስንራወጥ፣ እሱ ቀና ብሎ ነፋሱ ከየት እንደመጣ ይነግረናል። በዚህ የተነሳ ስንት ቀን እንደተጣላን አልቆጥረውም።

እዚያው፣ ሾፌሩ ሒሳቡን እየጠበቀ፣ "ይቺን አትሽጫት" አለኝ።

"ማን ይገዛታል ብለህ ነው?"

"ሸራ አድርጌባት ዝዋይ ላይ ልሄድባት እፈልጋለሁ። ብቻዬን። ሰው ሳይገፋኝ ወጥቼ፣ ሰው ሳይጎትተኝ ልመለስ። አንድ ጊዜ ይበቃኛል።"

ወንድሜ ከእኔ ምንም ለምኖ አያውቅም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን በሚኖርባት ክፍል ጣሪያው ሲያፈስ እንኳ የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ስለዚህ እሺ አልኩት። እሺ ስል ግን ከልቤ አልነበረም፤ አልዋሽም። ደክሞኝ ነበር። ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ይላል፣ ጆሮዬን የመዶሻ ድምፅ ጨርሶታል፣ ቦታው ሊነሳ ነው የሚባለውን ወሬ ስሰማ ደግሞ ሁለት ዓመት ሞልቶኛል። የት እንደምንሄድ የሚያውቅ የለም። በዚህ ላይ ጀልባ። ሶማሌ ተራ ያሉ ደንበኞቼ ከፍሪጆቹ ጀርባ ተጋድማ ሲያዩዋት "ጎርፍ ሊመጣ ነው እንዴ?" እያሉ ያልፉ ነበር።

ጀልባዋ የመቅዘፊያ ናት፤ ሆዷ ልሙጥ ነው። በሸራ ለመሄድ ግን ከሆዷ ሥር ቁልቁል የሚወርድ ብረት ያስፈልጋታል። ኪል ይባላል አለኝ ወንድሜ። ለምን እንደሚያስፈልግ ሲያስረዳኝ በእኛው ሥራ አስረዳኝ። ሸካሚ ሰፊ ላሜራ ይዞ በነፋስ ቀን መንገድ ሲያቋርጥ ነፋሱ ወደ ጎን ይወስደዋል አይደል? ሸራ ያላት ጀልባም እንደዚያው ትወሰዳለች። ከሥር ያለው ብረት ውሃውን ይዞ ወደ ጎን እንዳትሄድ ያደርጋታል፤ ክብደቱም እንዳትገለበጥ ይጠብቃታል። እስከዚህ ገባኝ። ክርክሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የዝዋይ ዳር ጥልቀት የለውም። ወንድሜ ሊነሳበት የመረጠው ቦታ ላይ ሃምሳ እርምጃ ገብተህ ውሃው ወገብ ብቻ ነው፤ ከሥሩም ጭቃ። ብረቱ ረዥም ከሆነ መሬት ይነካል፣ አጭር ከሆነ ሥራውን አይሠራም።

ብየዳውን የምንሰጠው ለሐጂ ነበር። ከመደቤ ፊት ለፊት የሚሠሩ የስልጤ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከወንድሜ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ወንድሜ የደብተር ወረቀት ላይ የሣለውን አሳያቸው። ሐጂ መነፅራቸውን አድርገው ወረቀቱን ከላይ አዩት፣ ከታች አዩት፣ መልሰው ሰጡት።

"ካፒቴን፣ ናሙና አምጣ" አሉት።

እኛ ሰፈር ሥዕል የሚያነብ ጠፍቶ አይደለም፤ ሥዕል የሚያምን ነው የጠፋው። የተሰበረውን ዕቃ ታመጣለህ፣ እሱን አይተው መሰሉን ይሠሩልሃል። ምድጃም ይሁን የወፍጮ ጥርስ ወጉ ይኸው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን የጀልባ ኪል ናሙና ከየት ይመጣል? ወንድሜ ተስፋ ይቆርጣል ብዬ ነበር። እሱ እቴ። በሦስተኛው ቀን ከዘይት ቆርቆሮ የተሠሩ፣ ጫማ የሚያክሉ ሦስት ጀልባዎች በፌስታል ይዞ መጣ። ቆርቆሮው ክፉኛ ተጨማድዷል፤ ጠርዙም ወጣ ገባ ነው። እጁ ጥንቁቅ የነበረ ሰው ነውና ገረመኝ። "ምነው እንደ ተማሪ ሥራ አደረግኸው?" አልኩት። ለሐጂ ሊያሳያቸው ደረደራቸው።

የመጀመሪያዋ ከሆዷ ሥር አንድ ረዥም የማይንቀሳቀስ ክንፍ አላት፤ እሱ የሠለጠነባት ጀልባ እንደዚያ ነበረች፣ ግን ምጽዋ ወደቡ ጥልቅ ነው። ሁለተኛዋ ግራና ቀኝ ሁለት አጫጭር ክንፎች አሏት፤ መሬት ስትነካ በሁለቱ ላይ ትቆማለች። ሦስተኛዋ ሆዷ መሃል ላይ ቀጭን ክፍተት አላት፤ በዚያ ክፍተት አንድ ብረት ይወርዳል፣ ዳር ሲደረስ በክር ተስቦ ወደ ላይ ይነሳል።

ሐጂ በርሜል በቁመቱ ሰነጠቁ፣ ከአንድ ጎኑ አሸዋ ደልድለው ዳር አበጁለት፣ ውሃ ሞሉት። ከዚያ የሆነውን መርካቶን የሚያውቅ ይገምተዋል። ጎሚስታው መጣ፣ በርሜል የሚቆርጡት መጡ፣ በርበሬ በረንዳ ሊያደርስ ጆንያ የተሸከመ ሰው ጆንያውን ሳያወርድ ቆመ። ሁሉም ጀልባ አዋቂ ሆነ። ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው "ኧረ ሸራውን ወደ ኋላ አድርገው!" ይላል። ሐጂ እሳት በሚያራግቡበት ካርቶን ነፋስ ሆኑ።

ረዥም ክንፍ ያላት ቀጥ ብላ ሄደችና አሸዋው ጋ ስትደርስ በጎኗ ተጋደመች፤ ውሃ ገባባት። ሐጂ አዘኑ፤ እሳቸው የሚመርጡት እሷን ነበር። "የሚንቀሳቀስ ነገር ከሠራሁ ነገ ተበላሸ ብላችሁ ትመጡብኛላችሁ" ብለው ነበር። ሁለት ክንፍ ያላት፣ ሁለት እግሯ ያልናት፣ እየተንሸራተተች፣ ካሰብንላት ቦታ አንድ ክንድ ያህል ርቃ ዳር ደረሰች፤ ከደረሰች በኋላ ግን እንደ በርጩማ ቆመች። ሦስተኛዋ እንደ ቀስት ቀጥ ብላ ሄደች። አሸዋው አጠገብ ስትደርስ ክሩን በአንድ ጣቴ ሳብ አደረግሁት። ብረቷ ተነሳች፤ ዳሩ ላይ በሆዷ ወጣች። ሰዉ አጨበጨበ። ጆንያ የተሸከመው ሰውዬ "አለቀ" ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

"አለቀ" አልኩ እኔም።

"ሁለት እግሯ ትሻለኛለች" አለ ወንድሜ።

"አላየህም እንዴ ስትንሸራተት?"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ?"

"ደህና ጀልባ መሃሏ አይበሳም። ደግሞ ጭቃው ክፍተቱ ውስጥ ይገባና ብረቱን ይይዘዋል። ጠጠር ቢገባስ?"

ሁሉም እውነት ነበር። ግን ለእያንዳንዱ ሐጂ መልስ ነበራቸው፤ ጎማ እናለብሰዋለን፣ ክፍተቱን ሰፋ እናደርገዋለን፣ ከላይ ገመዱ የሚዞርበት ፑሌጃ እንሰቅላለን። ወንድሜ መልሱን ሰምቶ ሌላ ምክንያት ያመጣል። እንዲህ ሆነን ሁለት ሳምንት አለፈ። ጠዋት መጥቶ ገና የእግዜር ሰላምታ ሳንጨርስ "እኔ ያልኩት ሁለት እግሯን ነው" ይላል። ብረት እየለየሁ ይላል፤ ምሳ እየበላሁ ይላል። እኔ ደግሞ የዚያን ሰሞን በሌላም ተበሳጭቼበት ነበር። ማታ መደቡን ስንዘጋ ቁልፉን "አንቺ ቆልፊው" ማለት ጀምሯል። ዕቃ ሲወርድ ከሸካሚዎቹ ጋር ይቆም የነበረ ሰው አሁን ጥግ ይዞ ያያል። የሸሚዙ የቀኝ እጅጌ ሁልጊዜ ሳይቆለፍ ይንጠለጠላል። አንድ ቀን "ና ልቆልፍልህ፣ ምን ያዝረከርክሃል" ብዬ ስይዘው መንጭቆ ወሰደብኝ። እርጅና ስንፍና አመጣበት ብዬ ደመደምኩ።

ስለዚህ አንድ ከሰዓት፣ ጉልበቴ ሲጠዘጥዘኝ በዋለበት ቀን፣ እንደገና "ሁለት እግሯን" ሲለኝ አፌ አመለጠኝ። "የምሠራልህ እኔ ነኝ። እኔ የመረጥኩትን ትወስዳለህ" አልኩት። ሐጂ ብየዳቸውን አቆሙ። ወንድሜ አየኝ፤ ቁጣ አልነበረውም፣ የደከመው ሰው አስተያየት ነበር። "እሺ" አለና ወደ ቤቱ ሄደ። ተናግሬ እንደጨረስኩ ነው የቆጨኝ። ግን ተከትዬው አልሄድኩም።

ሐጂ ሠሩት። ለብረቱ የጭነት መኪና ጎን የነበረ ወፍራም ላሜራ ከክምሬ መረጥኩላቸው። እኔ በዚህ ሥራ ሚዛን አያስፈልገኝም፤ ብረት አይቼ ኪሎውን እናገራለሁ፣ ሁለት ኪሎ ቢያስተኝ ነው። ይህንንም አይቼ "አርባ" አልኩ። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልክ ነው ማለታቸው ነበር። አርባ ኪሎ ለጀልባዋ ጥሩ ክብደት ነው ተባለ። ናሙናው ላይ ክሩን በአንድ ጣት የሳብኩት ሴትዮ እኔው ነኝ፤ አርባ ያልኩትም እኔው ነኝ። ሁለቱን አላገናኘኋቸውም። ናሙናው ሠርቷል፤ ናሙና ከሠራ ደግሞ ዕቃው ይሠራል። በዚህ እምነት ስንት ምድጃ፣ ስንት በር፣ ስንት ጋሪ ሸጠናል።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ በጭነት መኪና ይዘናት ወረድን። ሐጂ "ብሎኑን ራሴ ካላጠበቅሁ" ብለው አብረውን መጡ። ውሃው ላይ ስናወርዳት የሐይቁ ዓሣ አጥማጆች ከደንገል ታንኳቸው ላይ ሆነው አዩን፤ አልሳቁብንም፣ አልረዱንምም። ወንድሜ ነፋሱን ጠበቀ። ከእኩለ ቀን በኋላ ሲነሳ እኔና ሐጂ ገፋንለትና ወጣ።

ጥልቁ ጋ ሲደርስ ብረቱን ለቀቀው፤ ለመልቀቅ አንድ እጅ ይበቃል። ሸራው ሞላ። ጀልባዋ ጋደል ብላ ቀጥ አለች፣ ሄደችም። የወንድሜን ጀርባ ነበር የማየው። መደቡ ላይ ጎብጦ ሲያረጅ ያየሁት ጀርባ ነው። ቀጥ ብሎ ነበር። ደስ አለኝ። እንባዬ መጣና በነጠላዬ ጠረግሁት፤ ሐጂ እንዳላዩ ሆነው ወደ ዛፎቹ ዞሩ። የተናገርኩትን ሁሉ ይቅር ያለኝ መሰለኝ።

ሲመለስ ነው ነገሩ የተበላሸው። ከዳሩ ሃምሳ እርምጃ ሲቀረው ጀልባዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ሸራውን አወረደው። ነፋሱ ጀልባዋን ጭቃ ላይ በተተከለው ብረት ዙሪያ ቀስ እያደረገ ያዞራታል። ሐጂ "ገመዱን ይሳብ እንጂ፣ ምን ይጠብቃል?" አሉ። እኔም ጮህኩ፤ "ጋሼ፣ ሳበው!" ዞር አላለም።

ከዚያ አየሁት። ገመዱን በቀኝ እጁ ያዘና ጎተተ። ትንሽ ተነሳ። ቀጥሎ ለመሳብ ግራ እጁን ወደ ላይ ላከው። ግራ እጁ ገመዱ ላይ አረፈና ተንሸራቶ ወረደ። እንደገና ላከው። እንደገና ወረደ። ገመዱን ክንዱ ላይ ሊጠመጥም ሞከረ። ከዚያ ለቀቀውና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ፊቱን ወደ ሐይቁ እንዳዞረ ነው። አልጠራንም። እዚያው ቢመሽበትም የሚጠራን አይመስለኝም።

ቆርቆሮው ለምን እንደተጨማደደ፣ ቁልፉን ለምን እንደማይቆልፍ፣ እጅጌውን ለምን እንደነጠቀኝ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባኝ። የዚያን ሁሉ ብረት ኪሎ በዓይኔ የምለይ ሴት የወንድሜን እጅ አላየሁም። አጠገቤ ተቀምጦ እኮ ነው። በየቀኑ።

ዋና አልችልም። ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ገባሁ፤ ውሃው ጉልበቴን ሲያልፍ ቀሚሱን ለቀቅሁት። ጭቃው ጫማዬን አንዱን ወሰደው። ሐጂ ከኋላዬ "ቀስ በይ፣ ቀስ" ይላሉ። ጀልባዋ ጋ ስደርስ ውሃው ከወገቤ በላይ ነበር። ጠርዟን ይዤ ትንፋሼን ሰበሰብሁ።

"እጄ አይጨብጥም" አለኝ፣ አሁንም ሳያየኝ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከክረምቱ። አንድ ጠዋት ስነሳ ነው። ሐኪም አይቶኛል። ከዚህ ላይሻል ይችላል አለኝ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

ያኔ ዞሮ አየኝ። "ብነግርሽ ብቻዬን ትለቂኝ ነበር?"

አልለቀውም ነበር። ጀልባዋንም በማግስቱ ለፈለጋት ሰው በነፃ እሰጣት ነበር፣ እሱንም ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ሳዞረው እከርም ነበር፣ ለእሱ ብዬ እንደማደርገውም ጥርጥር አልነበረኝም። ገመዱን ተቀበልኩትና ከውሃው ውስጥ ሆኜ በሁለት እጄ ጎተትኩ። አርባ ኪሎው አርባ ኪሎ ነበር። ጭቃው ደግሞ የራሱን ጨምሮበታል። ሦስቴ ዕረፍት አድርጌ ነው የተነሳልኝ። ከዚያ ጀልባዋን ወንድሜን እንዳስቀመጠች እየጎተትኩ ወደ ዳር ወሰድኳት። እንዳይሆን የፈለገው ይህ ነበር።

በመኪናው ስንመለስ ሦስታችንም ጋቢና ውስጥ ተጠጋግተን፣ እኔ እርጥብ ቀሚሴን እንደለበስኩ፣ ሞጆ ደረስን። ሞጆ ላይ ሐጂ፣ "እያዞሩ ገመዱን የሚጠቀልሉበት ማንቬላ ላደርግበት እችላለሁ" አሉ። ወንድሜ፣ "ሐጂ፣ ቀኝ እጄ መሪው ላይ ነው" አላቸው። ሐጂ ግራውን አዩ። ከዚያ ወዲያ ስለ ማንቬላ አላነሱም።

በማግስቱ መደቡ ላይ ስደርስ ሐጂ ብረቱን ከጀልባዋ አውልቀው ሁለት በርሜል ላይ አጋድመውታል። ጠመኔ አውጥተው መሃል ለመሃል መስመር አሰመሩና ቀና ብለው አዩኝ። "ይቁረጡት" አልኳቸው። አርባው ኪሎ ሃያ ሃያ ሆነ። ሁለቱን አጫጭር ብረቶች ከሆዷ ሥር ግራና ቀኝ፣ ጫፎቻቸውን ከፈት አድርገው በብሎን አሰሯቸው። መሃል ያለውን ክፍተት በፋይበር ደፈንነው፤ ጠባሳው ዛሬም ይታያል። ወንድሜ ከጎናችን ተቀምጦ ብሎኖቹን በቀኝ እጁ እያቀበለን ዋለ። "ብያችሁ ነበር" አላለም። ቢለኝ ይቀለኝ ነበር።

እኔ ነኝ ይቅርታ ያልኩት። በሥራ መሃል፣ የመፍጫው ድምፅ ሲያቆም። "የምሠራልህ እኔ ነኝ ያልኩህን አውጥተህ ጣለው" አልኩት።

"የሠራሽልኝማ አንቺ ነሽ" አለኝ። "እኔም መናገር ነበረብኝ።" መፍጫው እንደገና ጀመረ፤ ነገሩ በዚያው አበቃ።

ለሁለተኛ ጊዜ የወረድነው እኔና እሱ ብቻ ነን፤ ሐጂን ጉንፋን ይዟቸው ነበር። ጀልባዋን ዓሣ አጥማጆቹ አጠገብ ካለ ሜዳ ላይ፣ በመኪናው ረዳቶች እርዳታ፣ ወደ ውሃው ዳር አወረድናት። እኔ በፌስታል ሌላ ቀሚስና የፕላስቲክ ጫማ ይዤ ነበር። ወንድሜ ፌስታሉን አየው፣ እኔንም አየኝ።

"የምትገፊኝ የለም" አለኝ።

ጀልባዋ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ በሁለት እግሯ ቆማ ነበር። ሱሪውን አጣጥፎ ገባ፤ ጠርዟ ላይ ተቀመጠ፤ እግሮቹን አንድ በአንድ አሻገረ። ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ በመቅዘፊያው ጭቃውን ተደግፎ ከመሬት አላቀቃት። ያለችው ቀኝ እጁ ብቻዋን ታገለች። ሸራውን ሲሰቅል ገመዱን በጥርሱ ሲይዝ አየሁት። ፊቴን አዞርኩ። መልሼ ሳይ ሄዷል።

እንደ መጀመሪያው ቀን ቀጥ ብላ አልሄደችም። ነፋሱ ወደ ጎን ይወስዳታል፤ እሱ ያንን ያውቃል፣ ከፈለገበት ቦታ ወደ ላይ፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት አድርጎ ነው የሚያነጣጥረው። እኔ ግን አላውቅም። ስትንሸራተት ባየሁ ቁጥር ፌስታሌን እጨብጣለሁ። ሁለት ጊዜ ዞረ፣ ሦስት ጊዜ ዞረ። ሩቅ ሄዶ ሸራዋ የመሐረብ ያህል ብቻ ሆና ታየችኝ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር። እግሬን የሚያሳርፍ ነገር አጥቼ በረጅሙ ዘረጋሁት። ድካሜ ሁሉ ተሰብስቦ የመጣው ያኔ ነው፤ የመደቡ፣ የወሬው፣ የጉልበቴ፣ የእጁ። የሚሠራ ነገር ሲጠፋ ድካም እንዲህ ይመጣል።

ሲመለስ ዳር ላይ ወዳለ ትልቅ የሾላ ዛፍ ነበር የሚመጣው፤ እኔ ያለሁት ግን ከሾላው ራቅ ብሎ፣ ነፋሱ በሚወርድበት በኩል ነው። አለፈኝ ብዬ ደነገጥሁ። ነፋሱም በርትቷል። እኔን አልፋ ከበታቼ ካለው ሸምበቆ ውስጥ ልትገባ ነው ብዬ ፌስታሌን አንስቼ ብድግ አልኩ፣ ሁለት እርምጃም ሄድኩ።

ከጀልባዋ ላይ ቀኝ እጁን አነሳ። መዳፉን ወደ መሬት አድርጎ ዝቅ አደረገው። ቁጭ በይ ማለቱ ነው።

ድንጋዩ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ የከበደኝ መቀመጥ የለም። ፌስታሉን ደረቴ ላይ አቅፌ ጥርሴን ነክሼ አየሁት። ሸራውን ለቀቀው። ጀልባዋ ወደ ጎን ተንሸራተተች፣ ተንሸራተተች፣ በትክክል እኔ ፊት ለፊት ስትደርስ ሁለቱ ብረቶች ጭቃውን ነኩ። ወዝወዝ አለች። ቆመች። ቀጥ ብላ ቆመች።

ወዲያው አልወረደም። ትንሽ ተቀመጠ። ከዚያ አንድ እግሩን አሻገረ፣ ሌላውን አሻገረ፣ ጉልበቱን በማያልፍ ውሃ እየተራመደ መጣ። ልብሱ አልራሰም። እኔም አልራስኩም።

አጠገቤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና ሐይቁን አየን። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ ነፋሱ ቀዝቅዟል። የቀኙን እጅጌ ወደ ታች አወረደው። የግራውንም አወረደና በቀኝ እጁ ቆለፈው። ትንሽ አሰበና ቀኝ እጁን ወደ እኔ ዘረጋልኝ። የእጅጌው ቁልፍ ትንሽ ነው፤ የእኔንም ጣት ብረት አጠንክሮታል፤ እንደምንም አስገባሁለት።